ያልተቆጠሩት ዓመታት በካርታ ላይ

በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአገራችሁን ካርታ ሳታዩ ያደጋችሁ ያላችሁ አይመስለኝም። ደጋው ቡናማ፥ ቆላው አረንጓዴ፥ ሐይቁ ሰማያዊ ነው። በዚያ ካርታ ላይ ግን ሰው የለም። ከተማ ማለት አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት፤ በነጥቧ ውስጥ መቶ ሺህ ሰው ይኑር ወይም ሁለት ሚሊዮን፥ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስንት ይኖርባት እንደ ነበረ፥ ካርታው አይናገርም። እኔም ሰውን የሚያሳይና ከዘመን ዘመን የሚለወጥ ካርታ ልሥራ ብዬ አያሌ ወራት ደክሜበታለሁ። ስለዚሁ ሥራ ላጫውታችሁ የተነሣሁበት ምክንያት፥ እናንተ ወይ ተማሪዎች ወይም በየመሥሪያ ቤቱ የቍጥር ሰንጠረዥ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርብላችሁ ወጣት ሠራተኞች በመሆናችሁ፥ ነገሩ አንድ ቀን እጃችሁ መግባቱ ስለማይቀር ነው።

ይህ ዓይነቱ ካርታ በወረቀት አይታተምም፤ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ ይከፈታል። አንዱን ወረዳ በጣታችሁ ስትነኩት ስሙንና የሕዝቡን ብዛት ያወጣላችኋል። ከግርጌው አንድ መሥመር ተሰምሮአል፤ በመሥመሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታንሸራትቱ ዘመኑ ይለወጣል፤ ከዘመኑም ጋር የወረዳው ቀለም ይደምቃል ወይም ይፈዝዛል። እኔ ይህችን መሥመር የዘመን ማንሸራተቻ እላታለሁ። መሣሪያው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ቮሎዲሚር አጋፎንኪን የተባለ ዩክሬናዊ በ2003 ዓ.ም. ሊፍሌት የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ለማንም ሰው ያለ ዋጋ አበርክቶአል። ጥቂት ጃቫስክሪፕት የሚያውቅ ወጣት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ካርታውን ሊያስነሣው ይችላል። የቀረው ጊዜ ሁሉ የሚያልቀው በቍጥሩ ላይ ነው።

ቍጥርን በቀለም መግለጥ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1826 ሻርል ዱፔን የተባለ ፈረንሳዊ በአገሩ ውስጥ ትምህርት የተስፋፋበትንና ያልተስፋፋበትን ክፍል ከነጭ እስከ ጥቁር በተለያየ ጥላ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ፍራንሲስ ዎከር የአሜሪካን የ1870 ሕዝብ ቆጠራ በትልቅ የካርታ መጽሐፍ አወጣው። አሜሪካኖች ከዚያ ወዲህ አንድ የሚያስቀና ነጥብ ያሰላሉ፤ ይኸውም «የሕዝብ ማዕከል» የሚሉት ነው። አገሩ እንደ አንድ ሰሌዳ ሆኖ እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ ቆሞበት እኩል ቢመዝን፥ ሰሌዳው ሳያጋድል ሚዛኑን የሚጠብቅበት ቦታ ማለት ነው። ይህ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1790 በምሥራቁ ጠረፍ በሜሪላንድ ነበረ፤ በ2020 ግን ሚዙሪ ደርሶአል። ነጥቡን በየዐሥር ዓመቱ አንድ እርምጃ ማራመድ የቻሉት ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሳያቋርጡ በመቍጠራቸው ነው።

እኛ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተቈጥረናል። የመጀመሪያው ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976፥ ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987፥ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የናሙና ጥናት አድርጎአል፤ ሆኖም ናሙና ለካርታ አይበቃም፤ የጎረቤትን ቤት ጠይቆ ስለ መንደሩ ሁሉ እንደ መናገር ነውና። እንግዲህ የዘመን ማንሸራተቻዬ የሚቆምባቸው እውነተኛ ቦታዎች ሦስት ብቻ ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል፥ ነገር ግን ብዙ የምታሳስት አንዲት ነገር አለች። የውጭ ሰዎች መጻሕፍት ቆጠራዎቻችንን 1984፥ 1994 እና 2007 ይሏቸዋል። በእነርሱ አቈጣጠር በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 10 ዓመት፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 13 ዓመት ይሆናል። የእኛን 1976፥ 1987 እና 1999 ብታቀናንሱ ደግሞ 11 እና 12 ታገኛላችሁ። እውነቱ ከሁለቱም አይደለም፤ ቀኑ ተቈጥሮ ሲታይ የመጀመሪያው ልዩነት 10 ዓመት ከ5 ወር፥ ሁለተኛው 12 ዓመት ከ7 ወር ከ19 ቀን ነው። «ይህች ምን ታመጣለች?» አትበሉ። ከ1987 እስከ 1999 ሕዝቡ በ20 ሚሊዮን ያህል ጨምሮአል። ይህን ለ12 ማካፈልና ለ13 ማካፈል በዓመት ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ልዩነት ያመጣል። በዚያም ላይ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው ኅዳር 2000 ነው። ስለዚህ «የ1999 ካርታ» የምንለው በሁለት የተለያዩ ወራት የተነሡ ፎቶግራፎች ተሰፍተው አንድ የሆኑበት ነው።

የስም ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ኮምፒዩተር «ሐረር»ን እና «ሀረር»ን ሁለት ከተሞች ያደርጋቸዋል። እኛ ስናነብ ሐመሩ «ሐ»ና ሃሌታው «ሀ» አንድ ድምፅ ስለሆኑብን አናስተውለውም፤ እርሱ ግን ቅርጹን እንጂ ድምፁን አያይም። በላቲን ፊደል የተጻፈው መዝገብ ደግሞ ይብሳል፤ ጅማን አንዱ በሁለት «ኤም»፥ ሌላው በአንድ «ኤም» ይጽፋታል። መድኃኒቱ ስሙን ትቶ ለእያንዳንዱ ወረዳ የማይለወጥ የቍጥር መለያ መስጠት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮም ይህንኑ ያደርጋል። ከእናንተ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ይህን ምክር ለካርታ ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ፤ እርሱም ድንበር ነው። በ1976 የተቈጠረችው ኢትዮጵያ በክፍላተ ሀገር የተከፈለች ነበረች፤ ሸዋ፣ ወሎ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ሲዳሞ፣ ሐረርጌ፣ ከፋ፣ ወለጋ እያልን የምንጠራቸው ናቸው። ኤርትራም በውስጧ ነበረች። ቍጥሩ 42.6 ሚሊዮን ነበረ። በ1987 የተቈጠረችው ደግሞ ኤርትራ ከተለየች በኋላ በክልል የተከፈለች አገር ናት፤ ቍጥሩም 53.5 ሚሊዮን ሆነ። አሁን ካርታው ላይ ወሎን ፈልጉ። ከፊሉ አማራ ክልል፥ ከፊሉ አፋር፥ ጥቂቱም ትግራይ ገብቶአል። ሸዋ ደግሞ በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ ተከፋፍሎአል። የደቡብ ክልል ራሱ በ1999 ወደ 15 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የተቈጠረበት ነበረ፤ ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚጠራ ክልል የለም። በ2012 ሲዳማ፥ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወጡ፤ በ2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኖ ተከፈለ።

እንግዲህ «የሲዳማ ሕዝብ ከ1976 እስከ 1999 እንዴት ጨመረ?» ብትሉ ምን ይመለስላችኋል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፥ የድሮውን ክፍለ ሀገር ቍጥር በአዲሱ ድንበር ስፋት መጠን ማካፈል ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሊጥ በምጣድ ላይ እኩል እንደሚዘረጋ በምድሩ ላይ እኩል ተዘርግቶአል ብሎ ያምናል። ደጋና ቆላ ባለበት አገር ይህን የሚያምን ሰው ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛው መንገድ ከታች መጀመር ነው፤ በአውራጃና በወረዳ የታተሙትን ጥራዞች እየገለጡ፥ የውጭ ድንበራቸው ያልተነካ ጎረቤት ወረዳዎችን አንድ ላይ እያሰሩ፥ በሦስቱም ቆጠራዎች አንድ ሆኖ የሚቆይ «እሥር» መፍጠር። እኔ ይህን መረጥሁ። ብዙ ሌሊት ይፈጃል፤ ወረዳ በየጊዜው ለሁለትና ለሦስት እየተከፈለ ስለሚበዛ እሥሮቹ አንዳንድ ቦታ ሰፋፊ ይሆናሉ፤ ካርታውም ያን ያህል ዝርዝር አይሆንም። ነገር ግን አንድ ወረዳ ለሁለት ስለ ተከፈለ «ሕዝቡ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ከመዋሸት ያድናል። ይህን ውሸት በብዙ የሚያማምሩ ካርታዎች ላይ አይቼዋለሁ።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። ጌዴኦ ዞን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚሆን ጠባብ ምድር ነው፤ በ1999 ግን ከ840 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቈጥሮበታል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ማለት ነው። ሰው፣ እንሰትና ቡና ተቃቅፈው የሚኖሩበት አገር ነው። ደቡብ ኦሞ ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሕዝቡ ግን በዚያው ቆጠራ 600 ሺህ አልሞላም። ካርታውን ከሩቅ ስታዩት ደቡብ ኦሞ ዐይናችሁን ይሞላዋል፤ ጌዴኦ የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው። ስለዚህ ቀለሙን ትቼ፥ ለእያንዳንዱ 10 ሺህ ሰው አንዲት ነጥብ አስቀመጥሁ። ጌዴኦ ወዲያው ጠቈረ፤ ከሐረር እስከ ጭሮ፥ ከወላይታ እስከ ሐዲያ ደጋው በነጥብ ተሞላ። ብዙዎቻችሁ ካርታውን ስታዩ ባዶ የሚመስላችሁ ሰፊው ቆላ በእውነት ባዶ እንዳልሆነ አትርሱ፤ በዚያ ያለው ሰው ከከብቱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ አንዲቱን ነጥብ የት ላድርጋት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማንሸራተቻውን ከ1976 ወደ 1987 ጎተትሁት። እንዴት ያምር ነበር! ነጥቦቹ አንድ በአንድ እየፈኩ፥ አገሪቱ ቀስ በቀስ እየሞላች ሄደች። ኮምፒዩተሩ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ያሉትን ዓመታት ራሱ አስልቶ ይሞላቸዋል፤ ይህ የብዙ መሣሪያ ልማድ ነው። ኤርትራ ስትቀነስ 40 ሚሊዮን የሚሆነው ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን እንዲደርስ በየዓመቱ 1.3 ሚሊዮን፥ በየዕለቱም ከ3,500 የሚበልጥ ሰው ይጨምራል። ዘንድሮ እንደ አምና፥ ዛሬም እንደ ትናንት።

አንባቢዎቼ፥ 1977 ምን ዓመት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ያላያችሁት ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ከመጀመሪያው ቆጠራ ጥቂት ወራት በኋላ ወሎና ትግራይ በረኀብ ተመቱ። የሞቱት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታሉ። በ1977ና በ1978 ደግሞ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ ጎጃም ሰፈረ። በእኔ ካርታ ላይ ግን በኮረም በዚያ ወራት ነጥቦች ረጋ ብለው ይፈኩ ነበር። ማንም ውሸት አልጻፈም፤ የ1976ቱም የ1987ቱም ቍጥር የታተመው ነው። ውሸቱ የገባው በሁለቱ መካከል፥ ማንም ባልቈጠረበት ቦታ፥ በዚያ ለስላሳ እንቅስቃሴ ነው። በዚያ ላይ የ1976ቱ ቆጠራ ራሱ በጸጥታ ምክንያት ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ሕዝብ ሊደርስበት ስላልቻለ በግምት የሞላው ነበረ፤ ከተገመቱትም ቦታዎች መካከል በኋላ ረኀቡ የጠናባቸው ይገኛሉ።

እንቅስቃሴ ዐይንን ያሳምናል። ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አገሮችን እንደ አረፋ በሰሌዳ ላይ እያንሳፈፈ ዓለምን ሲያስተምር፥ ሰንጠረዥ አይቶ የሚያዛጋው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭብለት ነበር። ሮስሊንግ ራሱ በቍጥር ጠንቃቃ ሰው ነበር። ነገር ግን ሰንጠረዥን ስናነብ «ይህ ከየት መጣ?» ብለን እንጠይቃለን፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ስናይ አንጠይቅም። አለቃችሁ ፊት የምታቀርቡት ሥዕል እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ይህን በተለይ አስቡ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚመደበው በእርሱ ነውና።

ስለዚህ መካከለኛዎቹን ዓመታት አጠፋኋቸው። ማንሸራተቻው ከ1976 ሲነሣ ነጥቦቹ ሁሉ ግራጫ ይሆናሉ፤ 1987 ሲደርስ እንደ ገና ቀለማቸውን ይለብሳሉ። በግራጫው ጊዜ ውስጥ የምናውቀውን በጽሑፍ አስቀመጥሁ፤ ረኀቡን፥ ሰፈራውን፥ የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ፥ የኤርትራን መለየት። አንድ ጓደኛዬ «ካርታህን አበላሸኸው፤ ድሮ ይፈስ ነበር፥ አሁን ይነክሳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይነክሳል።

ከ1999 ወዲህ ያለውስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። የምርጫ ክልልም የሚሸነሸነው በዚሁ ነው። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 እንደ ገና ቀጠሮ ተይዞለት በጸጥታ ምክንያት ቀረ፤ ቀጥሎም ወረርሽኝና ጦርነት መጣ። እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ አልተካሄደም። በዚህ መካከል በ2010 ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ በ1999 ቍጥር ነጥብ በነጥብ የጠቈረችው ያች ጌዴኦ ማለት ናት። ሦስተኛውም ቆጠራ ቢሆን ያለ ጥያቄ አልታለፈም፤ የአማራ ክልል ቍጥር 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲገኝ በተወካዮች ምክር ቤት ክርክር አስነሥቶአል።

ቆጠራ ከሌለ ትንበያ አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ የአገሪቱን ሕዝብ በ2015 መጨረሻ 107 ሚሊዮን ያህል ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ላለው ጊዜ 132 ሚሊዮን ይላል። የአንዱ ዓመት ጭማሪ ቢቀነስ እንኳ ልዩነቱ ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። በ1999 በአማራ ክልል በሙሉ ከተቈጠረው ሕዝብ የሚበልጥ ሰው፥ በአንዱ መዝገብ አለ፥ በሌላው የለም። ከሳተላይት የሚነሣ ሥዕልም አለ፤ በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ወርልድፖፕ የሰውን ብዛት በመንገድ፥ በሕንፃና በሌሊት መብራት እየመራ መቶ ሜትር በመቶ ሜትር በሆነ ካሬ ያካፍላል። እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጣራ መቍጠር እንጂ ከጣራው በታች ያሉትን መቍጠር አይችልም፤ የሚያካፍለው ድምር ከቆጠራና ከትንበያ የመጣ ስለሆነ፥ መነሻው ሲያረጅ አብሮ ያረጃል።

በእኔ ካርታ ላይ ከ1999 በኋላ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። ትንበያውን አንዱን መርጬ ቀለም ላለብሰው አልፈለግሁም፤ ከግርጌው ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኋቸው።

ባለፈው ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ ከፈተው። የአዲስ አበባን ነጥቦች በ1976፥ ከዚያ በ1987፥ ከዚያም በ1999 እያየ፥ ከ1.4 ወደ 2.1፥ ከዚያም ወደ 2.7 ሚሊዮን ስታድግ ደስ አለው። ቀጥሎ የተወለደበትን ዓመት 2001ን ፈለገና፥

«ጋሼ፥ ካርታው ተበላሸ መሰለኝ፤ ቀለሙ ጠፋ» አለኝ።

«አልተበላሸም። ከ1999 ወዲህ ማንም ቤታችሁ መጥቶ አልቈጠራችሁም።»

«ታዲያ እኔ የለሁም?»

«ግምቱ ውስጥ አለህ።»

ጥቂት አሰበና «እኛ ቤት ከአያቴ ጋር ሰባት ነን፤ ይፃፉት» አለኝ። እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጨምሬ ጻፍሁት፤ ካርታው ላይ ግን አላስገባሁትም።